በጎረቤት ግቢ ስለ ታሰረ ውሻ

(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ በአንድ ጡረተኛ አባል የተደረገ ንግግር)





ለኮሚቴው «ስለ ውሻ ንግግር ላደርግ እፈልጋለሁ» ብዬ ማመልከቻ ባስገባሁ ጊዜ አንዳንዶቻችሁ እንደ ሳቃችሁ ሰምቻለሁ። አልፈርድባችሁም። እድር የተቋቋመው የሞተውን ለመቅበር፣ ያዘነውን ለማጽናናት ነው። በመተዳደሪያ ደንባችን ላይ ድንኳን አለ፣ አግዳሚ ወንበር አለ፣ ድስትና ሰሐን አለ፤ ውሻ ግን የለም። ይሁን እንጂ በ2014 ዓ.ም. በቦኖው አጠገብ የሆነውን ነገር የረሳን አይመስለኝም። ያን ጊዜ ያንን ድንኳን ለአንድ ሕፃን ልንተክለው ምን ያህል ቀርቶን እንደ ነበረ የምናውቅ እናውቃለን። ዛሬ የምናገረው ስለዚያ ነው። ከሌላው ሰው ይልቅ ጥፋቱ እኔን ስለሚነካኝ እኔው ልናገረው ብዬ ነው።

እንደምታውቁኝ የተማርሁት እስከ 6ኛ ክፍል ነው። በአንድ መሥሪያ ቤት ተላላኪ ሆኜ ገብቼ፣ ኋላም በመዝገብ ቤት ጸሐፊነት ከ30 ዓመት በላይ ሠርቼ በጡረታ ወጣሁ። የእንስሳት ሐኪም አይደለሁም፤ የሕግ ሰውም አይደለሁም። ያየሁትንና ጠይቄ የተረዳሁትን ነው የምነግራችሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከእኔ አጥር ቀጥሎ ያለው ግቢ ባለቤት፣ እርሱም የእድራችን አባል ነው፣ በሌላ ሰፈር አዲስ ቤት ሠርቶ ሲዛወር ግቢውን ለሁለት ተከራዮች አከራየና ውሻውን ለጥበቃ ትቶት ሄደ። ውሻው መከታ ይባላል። ቡናማ፣ ደረተ ሰፊ፣ ድምፁ እስከ አስፋልቱ የሚሰማ ውሻ ነበረ። ሰንሰለቱ ሁለት ሜትር ቢሆን ነው። ቀድሞ ማታ ማታ ይፈቱት ነበር። ተከራዮቹ ከገቡ ወዲህ ግን አንደኛይቱ ሕፃናት ስላሏት ፈራችው፤ ሌላው ደግሞ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ወጥቶ ከምሽቱ 3 ሰዓት የሚገባ ሰው ነው። ስለዚህ ሌትም ቀንም እንደ ታሰረ ቀረ። እርስዋ እሱ የሚያበላው ይመስላታል፤ እሱ ደግሞ እርስዋ የምታበላው ይመስለዋል።

እኔ ጡረተኛ ነኝ፤ ከጧት እስከ ማታ በረንዳ ላይ ነኝ። በታኅሣሥ ውስጥ የጎኑ አጥንት መቆጠር ጀመረ። በጥር የውሃ ጣሳው እንደ ተገለበጠ ሲውል ሲያድር አየሁ። ፀሐይዋ አናት ላይ ስትሆን የሚጠለልባት አንዲት የተቀደደች ቆርቆሮ ነበረች፤ እስዋንም ነፋስ ወሰዳት። ኋላ እንደ ተረዳሁት ውሻ እንደ ሰው በመላ ገላው አያልበውም፤ ሙቀቱን የሚያወጣው ምላሱን አውጥቶ በማለክለክ ነው። ውሃ ከሌለው ማለክለኩም ብዙ አይረዳውም።

ሁዳዴ ሲገባማ ባሰ። መቼም ታውቃላችሁ፣ በዐቢይ ጾም 55 ቀን ሥጋ ቤቱ ይዘጋል፣ ከየቤቱ የሚጣል አጥንት የለም፣ የሰፈር ውሻ ሁሉ ይከሳል። የባዘነው ግን ዞሮ ይለቃቅማል፤ የታሰረው ወዴት ይዞራል? ባለቤቴ የሽሮ ፍትፍት በፌስታል እየጠቀለለች በአጥሩ ላይ ትወረውርለት ነበር። አንዳንዱ ይደርሰዋል። አንዳንዱ ከሰንሰለቱ አልፎ ይወድቅና እሱ እየሳበ፣ እየጓጓ፣ ዓይኑ እያየ ቁራ ይበላዋል። አንገቱንም ከግንቡ ጋር ሲያሽ፣ ሲያሽ እመለከት ነበር። ቁንጫ ነው አልሁ።

እንግዲህ «ይህን ሁሉ ስታይ ለምን አልተናገርህም?» ትሉኛላችሁ።

ሁለት ምክንያት ነበረኝ። አንደኛው የአሸንዳ ነገር ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ክረምት የጎረቤቴ የጣራ ውሃ በእኔ ግድግዳ ላይ እየወረደ ተጣልተን፣ በሽማግሌ ነበር የታረቅነው። አሁን ስለ ውሻው ብናገር «የአሸንዳውን ቂም በውሻው አሳብቦ ተወጣ» እባላለሁ ብዬ ይሉኝታ ያዘኝ።

ሁለተኛው የቆየ ነው። በ1969 ዓ.ም. ቀይ ሽብር ሲጀመር እኔ የ19 ዓመት ጎረምሳ ነበርሁ። ጎረቤት በጎረቤቱ ላይ በተናገረው አንድ ቃል ሰው ከቤቱ ሲወሰድ፣ ተወስዶም ሳይመለስ ሲቀር አይቻለሁ። ከዚያ ወዲህ «ጥቆማ» የሚለው ቃል ራሱ ይቀፈኛል። በእኔ ዕድሜ ያላችሁ ትረዱኛላችሁ። አላየሁም፣ አልሰማሁም እያልን ነው ያደግነው። ልጆቼ ይህን ስነግራቸው «ለውሻ ይህን ያህል ምንድነው?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ግን አፍን መዝጋት አንድ ጊዜ ከለመዱት፣ ነገሩ የሰው ይሁን የውሻ አይመርጥም።

ከፋሲካ በፊት በነበረ አንድ ቅዳሜ፣ ከቀኑ 8 ሰዓት ገደማ፣ የሰንሰለቱ ቀለበት ዝጎ ኖሮ ተበጠሰ። መከታ በቀጥታ የሄደው ወደ ቦኖው ነው። ሕፃናት ጀሪካን ይዘው ተሰልፈዋል። አንድ የ8 ዓመት ልጅ፣ የአንዲት አባላችን የልጅ ልጅ፣ ጀሪካኑን እየሞላ ነበር። ውሻው ከሥር የፈሰሰውን ውሃ ሊጠጣ ዘሎ ሲገባ ልጁ ደንግጦ በእግሩ መታው፤ ውሻውም ባቱን ነከሰው። «እብድ ውሻ! እብድ ውሻ!» የሚል ጩኸት ተነሣ። እኔ ከዘራዬን ይዤ እስክደርስ ጎረምሶቹ በድንጋይ ጨርሰውታል።

አንገቱን ያየሁት እዚያ ቆሜ ነው። የዱሮው ማሰሪያ ሲያልቅ ተከራዮቹ በሽቦ ጠምጥመውት ኖሮ፣ ወደ ምግብ በሳበ ቁጥር ሽቦው ሥጋው ውስጥ ገብቶ፣ ጠጉሩ ከላይ ሸፍኖታል። ቁስሉ ተልቷል። ሁለት ወር ሙሉ ቁንጫ ነው ያልሁት ያንን ነው። ባለቤቴ ይህን በነገርኋት ጊዜ የዚያን ዕለት ራቷን አልበላችም፤ ፍትፍቱን የወረወረችው እስዋ ናትና።

ወደ ልጁ ልመለስ። ሰው ተሰብስቦ አንዱ ቡና እንነስንስበት ይላል፣ ሌላው ነጭ ሽንኩርት ይላል። በጤና ጣቢያ ሠርተው በጡረታ የወጡት እናታችን ባይደርሱ ኖሮ ምን እንደምናደርግ እንጃ። ሁሉንም ገፍተው የልጁን እግር ከቦኖው ሥር አደረጉና በሳሙና ያጥቡት ጀመር። ልጁ ያለቅሳል፣ እኛ «ይበቃል» እንላለን፣ እሳቸው ሰዓታቸውን እያዩ 15 ደቂቃ ሙሉ አጠቡት። ከዚያ በኋላ ነው በታክሲ ወደ ጉለሌ፣ ፓስተር የወሰድነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ይህን ሁላችንም ማወቅ አለብን። የእብድ ውሻ በሽታ የሚተላለፈው በምራቅ ነው። በንክሻው ከገባ በኋላ በነርቭ በኩል ቀስ እያለ ወደ አንጎል ይሄዳል። ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 3 ወር ይፈጅበታል፤ ከዚያ የሚያጥርበትም የሚረዝምበትም ጊዜ አለ። ምልክቱ አንዴ ከታየ ሰው አይድንም ቢባል ማጋነን አይደለም። ቁስሉን ወዲያው በውሃና በሳሙና አጥቦ ክትባቱን በጊዜው የጀመረ ግን ይተርፋል። ያ ሰፈር በስሙ የተጠራው ሉዊ ፓስተር የተባለው ፈረንሳዊ ሊቅ፣ በውሻ የተነከሰ የ9 ዓመት ልጅ ከትቦ ያተረፈው በ1877 ዓ.ም. ነው። በእኛ ልጅነት በሆድ ላይ በየቀኑ የሚወጋው መርፌ ስለሚያስፈራ የተነከሰ ልጅ ይደበቅ ነበር። ዛሬ በክንድ ላይ ነው፤ ቁጥሩም ትንሽ ነው።

እና ባለሙያው የመጀመሪያ ጥያቄው ምን ነበር መሰላችሁ? «ውሻው ተከትቧል ወይ? ወረቀቱስ?» አለ። የሚያውቅ የለም። «ውሻው የት አለ?» አለ። ሞቷል። ውሻው በሕይወት ቢኖር ታስሮ 10 ቀን ይጠበቃል፤ በነከሰበት ጊዜ በሽታው በምራቁ ውስጥ ከነበረ በእነዚያ ቀኖች ውስጥ ይታመማል ወይም ይሞታል፤ ደኅና ከሆነ ልጁ ከስጋት ይወጣል። ሞቶም ቢሆን አንጎሉ ይመረመራል። ጎረምሶቹ ግን ሬሳውን ወስደው ወንዝ ጥለውታል። ስለዚህ መከታ አብዶ ነበር ወይስ ተጠምቶ ነበር፣ እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም። እኔ ተጠምቶ ነበር እላለሁ። ይሁን እንጂ ወደ ውሃ መሄዱ ብቻውን ጤነኛ ነው ለማለት ስለማይበቃ፣ ልጁ መርፌውን ሁሉ መጨረስ ነበረበት፤ ጨረሰም። አያቱ ግን ወራቱ እስኪያልፍ እንቅልፍ አልነበራቸውም። ልጁ ውሃ አልጠጣም ባለ ቁጥር ይደነግጡ ነበር። ዛሬ ልጁ ደኅና ነው፤ ቁመቱ እኔን ሊደርስ ነው፤ ውሻ ሲያይ ግን አሁንም መንገድ ይቀይራል።

የግቢው ባለቤት በማግሥቱ መጣ። በሽማግሌ ፊት የሕክምናውንና የመጓጓዣውን ወጪ ሁሉ ያለ ክርክር ከፈለ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም ቢሆን እንስሳ ላደረሰው ጉዳት፣ አምልጦ ያደረሰው እንኳ ቢሆን፣ ባለቤቱ ኃላፊ ነው ይላል። ከስብሰባው በኋላ ወደ እኔ ቀረብ ብሎ «ጋሼ፣ ይህን ሁሉ ወር እያዩት ኖሮ ለምን አልደወሉልኝም? ቁጥሬ እኮ አለዎት» አለኝ። ለካ ለወንዱ ተከራይ ለውሻው ምግብ እያለ በየወሩ ከኪራዩ ላይ 300 ብር ይቀንስለት ኖሯል። ተከራዩ «ለእርስዋ ነግሬአታለሁ» ይላል፤ እርስዋ «አልሰማሁም» ትላለች። እኔም እውነቱን ተናገርሁ፤ «የአሸንዳውን ነገር ፈርቼ ነው» አልሁት። «የምን አሸንዳ?» አለኝ። ረስቶታል። እኔ በልቤ ይዤው የኖርሁትን እሱ ከሽማግሌው ቤት ሲወጣ እዚያው ትቶት ሄዷል።

ከዚህ በኋላ በ2016 ዓ.ም. ሌላ ነገር ገጠመኝ። ከታችኛው መንገድ፣ ከአንድ ግቢ ጓሮ፣ የውሻ ማላዘን ሌሊት ሌሊት ይሰማ ነበር። ያሳየኝ ጡሩምባ ነፊያችን ነው። እሱ እኮ ጎህ ሳይቀድ በየበሩ ስለሚያልፍ የማያውቀው ግቢ የለም። በዚህ ጊዜ ዝም አላልሁም፤ ግን ሮጬም አልሄድሁም። አንድ ደብተር ወሰድሁ።

ለምን ደብተር? በመዝገብ ቤት ሳለሁ በሺህ የሚቆጠር አቤቱታ በእጄ አልፏል። «እገሌ ጨካኝ ነው፣ አረመኔ ነው» የሚለውን ደብዳቤ የት ፋይል ላድርገው? ኃላፊው ያነበዋል፣ ይተወዋል። «በዚህ ቀን፣ በዚህ ሰዓት፣ ይህን አየሁ» የሚለው ግን ሰው ያስነሣል። ስለዚህ ለ4 ቀን ቀኑንና ሰዓቱን፣ ያየሁትን ብቻ ጻፍሁ። ጧት 2 ሰዓት፣ የውሃ ሳህን ባዶ። ከቀኑ 10 ሰዓት፣ እንደዚያው ባዶ። የግራ የኋላ እግሩን አያስረግጥም። ይኸው ነው። የሚመስለኝን አልጻፍሁም። የከሳ ውሻ ሁሉ የተበደለ አይደለምና። ያረጀ ይከሳል፣ የታመመ ይከሳል፣ ቡችላ የምታጠባም ትከሳለች። ሐኪም ቤት የሚመላለስለት ውሻ ከአጥር ውጭ ለሚያየው የተራበ ሊመስል ይችላል።

ደብተሩን በኪሴ አድርጌ፣ ለማንም ሳልናገር፣ አመሻሽ ላይ ብቻዬን ሄድሁ። በቡና ላይ በሰው ፊት ቢነገር ሐሜት ነው፤ በእድር ስብሰባ ቢነሣ ውርደት ነው፤ ቀድሞ ወደ ወረዳ ቢኬድ ክስ ነው። በር ላይ ቆሜም ስለ ውሻው አልጀመርሁም፤ «እንዴት ሰነበቱ» ብዬ ጤናቸውን ጠየቅሁ።

በሩን የከፈቱልኝ እናት ግድግዳ ይዘው ነው የመጡት። ውሻው የልጃቸው ነው፤ ልጁ ወደ አረብ አገር ሲሄድ አደራ ብሎ ሰጥቷቸዋል። ጉልበታቸው ከታመመ ወዲህ ወደ ጓሮ የሚወስደውን ደረጃ መውረድ አይችሉም። ዳቦ በመስኮት ይጥሉለታል፤ ውሃ ግን በመስኮት አይጣልም። «ሰው ይስቅብኛል ብዬ ነው ዝም ያልሁት፤ ለልጄም በስልክ ደኅና ነው እለዋለሁ» አሉና አለቀሱ። ደብተሬን ከኪሴ አላወጣሁትም። ያፈርሁትስ እኔ ነኝ፤ አንዲት የእድራችን እናት ከአልጋቸው ወደ በር በግድግዳ ሲሄዱ ከሞት በቀር የሚጎበኛቸው አልነበረም ማለት ነው። ዛሬ የጎረቤት ልጅ ጧትና ማታ ውሃ ያቀብላል፣ ሥጋ ቤቱ ቅንጥብጣቢ ያስቀምጣል፣ ሴቶቻችንም እናታችንን ተራ ገብተው ይጠይቃሉ።

ሁሉም እንደዚህ አያልቅም። አንድ ሰው ደግሞ «ውሻው የኔ ነው፣ ምን አገባህ!» ብሎ በሩን ፊቴ ላይ ዘጋብኝ። ሁለት ሽማግሌ ይዤ ተመለስሁ፤ አሁንም አልሰማም። ያን ጊዜ ነው ደብተሩ ያገለገለኝ። ከላይ ቀን፣ ከታች ስሜንና ፊርማዬን አድርጌ ወደ ወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ወሰድሁት። ስም የሌለው ወረቀት አልጽፍም፤ ያ የዱሮው ጥቆማ ነው። ሰውዬውም እንደምሄድ አስቀድሜ ነግሬዋለሁ። ባለሙያው መጥቶ አነጋገረው፣ ውሻውም ተከተበ፣ ሰንሰለቱም በተዘረጋ ሽቦ ላይ ወዲያና ወዲህ እንዲሄድ ተደረገ። እሱ እስከ ዛሬ ሰላም አይለኝም። እኔ እለዋለሁ።

አንድ ነገር ግን አደራ። በሰው ግቢ ገብታችሁ ውሻ አትፍቱ። የታመመና የተራበ ውሻ ሊረዳው የመጣውንም ይነክሳል። ለወጣቶቹም ንገሩልኝ፤ የነከሰን ውሻ በድንጋይ መጨረስ የተነከሰውን ልጅ አይጠቅመውም፤ ከተቻለ በሩ ተዘግቶበት በቆየ ኖሮ ስንት ስጋት በቀረልን።

ማመልከቻዬ ሲነበብ አንድ ወንድማችን «ሰው በተራበበት ዘመን ስለ ውሻ ይወራል?» ማለቱን ሰምቻለሁ። ነገሩ ከልብ የመጣ ስለሆነ አላቃልለውም። እንጀራ ስንት እንደ ገባ እኔም አውቃለሁ፤ በጡረታ ነው የምኖረው። ማርባት የማይችል ሰው አለኝ ብሎ ይንገረን፤ ለሌላ ሰው እንሰጥለታለን። አንድ ጣሳ ውሃ ግን የኑሮ ውድነት አይከለክለውም። ደግሞም የተነከሰው ልጅ እኮ ሰው ነው።

ለኮሚቴው ያቀረብሁት ሐሳብ ሁለት ነው። ጡሩምባ ነፊያችን በየበሩ ሲያልፍ ያየውን ለዳኛው ብቻ በቃል እንዲነግር፣ ለዚህም ትንሽ ነገር እንዲታሰብለት፤ ሁለተኛም ውሻ ያለን አባሎች የክትባቱን ቀን የምናስመዘግብበት መዝገብ እንዲኖር ነው። ክትባቱ በየዓመቱ የሚታደስ ነውና ወረቀቱን ከእድር ደብተራችን ጋር ብናስቀምጠው አይጠፋም። ኮሚቴው «እናጠናዋለን» ብሏል። እኔ ግን ሥራ የለመደ እጅ አርፎ አይቀመጥምና መዝገቡን ገዝቼ፣ በመስመር ከፍዬ፣ ተራ ቁጥር፣ የቤት ቁጥር፣ የውሻው መልክ፣ የተከተበበት ቀን ብዬ ጽፌበታለሁ። ተራ ቁጥር 1 ላይ የራሴን ውሻ ልጽፍ ወረቀቱን ሳወጣ ጊዜው ካለፈ አንድ ዓመት ከ4 ወር ሆኖታል። ሐሙስ ዕለት ወስጄ አስከትቤዋለሁ።

መዝገቡ አሁን ከጸሐፊያችን ጠረጴዛ ላይ ነው። እስክሪብቶ አብሮ ታስሯል። ሻይ ስትጠጡ ጎራ በሉበት።